የመሪ ጎንና የወደብ ጎን

ግራዝማች ሹመቱን ያገኘው ከቤተ መንግሥት አይደለም፤ ከማንኪያ ነው። ገና ጥርሱ ብቅ ብቅ ሲል ማንኪያውን በግራ እጁ ጨበጠ። እናቱ ወደ ቀኝ አዛወረችው፤ እሱ መልሶ ወደ ግራ ወሰደው፤ እናቱ ደግማ አዛወረችው፤ እሱም ደግሞ መለሰው። በዚህ ሁሉ ጦርነት መሃል ሾርባው ቀዘቀዘ፤ ድመቷም ጠገበች። አባቱ ዳር ቆሞ ሲታዘብ ቆየና «ተይው በቃ! ልጅሽ የግራውን ጦር ሊመራ ነው የመጣው፤ ግራዝማች በይው» አለ። ስሙ በዚያው ጸደቀ። መታወቂያው ላይ የተጻፈውን ስም ዛሬ የሚያውቀው ራሱ መታወቂያው ብቻ ነው።

ዓለም ለግራኝ አልተሠራችም። መቀስ አይቆርጥለትም፤ የበር እጀታ ሁልጊዜ በወዲያኛው በኩል ነው፤ ካፌ ውስጥ በግራው በኩል የተቀመጠ ሰው ሻዩን የሚቀምሰው ከብርጭቆው ሳይሆን ከሱሪው ላይ ጨምቆ ነው። ግራዝማች ግን ቂም አልያዘም። ዓለም ስትገፋው እሱም በክርኑ ይገፋታል፤ ሒሳባቸው እኩል ነው።

ሥራው ማሻገሪያ ጀልባ መንዳት ነበር። ከወዲህ ዳር ሰው ይጭናል፣ ከወዲያ ዳር ያራግፋል። የሚያልፍበት መተላለፊያ እንደ ንፉግ ኪስ የጠበበ ስለሆነ ጀልባዋ መዞሪያ የላትም፤ ስትሄድ በአፍንጫዋ፣ ስትመለስ በጅራቷ ነው። ስለዚህ ግራዝማች ከሥራ ዘመኑ ግማሹን ያሳለፈው ወደ ኋላ በመሄድ ነው። የካፌው ሰዎች «ወደ ፊት የሄደው ወደ ኋላ ከተመለሰው ሲቀነስ ይህ ሰውዬ ገና ሥራ አልጀመረም» ይሉታል።

ታዲያ ድልድይ ተሠራ። ድልድይ ለከተማ ሲሳይ ነው፤ ለማሻገሪያ ነጂ ግን መርዶ። ወሩ ሲያልቅ ማሻገሪያዋ ትቆማለች ተባለ። ከዚያ በኋላ ለግራዝማች የቀረለት የሥራ ቦታ አንድ ብቻ ሆነ፤ የሚስቱ ሱቅ።

ሚስቱ የሳህንና የብርጭቆ ነጋዴ ናት። ግራዝማች ካሁን በፊት አንዴ ሊያግዛት ገብቶ ያውቃል። «ከላይኛው መደርደሪያ ሳህን አውርድልኝ» አለችው። አወረደ። መደርደሪያውንም አብሮ አወረደ። ከሥሩ ያለውንም፣ ከሥሩ ሥር ያለውንም። በዚያ ሳምንት በሰፈሩ ገበያ የቀናው መጥረጊያ ሻጩ ብቻ ነበር።

«አንተ ሱቄ ከምትገባ የመሬት መንቀጥቀጥ ቢገባ ይሻለኛል» አለችው የድልድዩን ወሬ የሰማች ቀን። «እሱ ቢያንስ ቶሎ ይሄዳል።»

«እኔስ ወድጄ ነው የምገባው? እዚያ ውስጥ እኮ ሳስነጥስ እንኳ የሚያለቅስ ብርጭቆ አለ!»

ስለዚህ የወደቡ መሥሪያ ቤት በድሮ አሠራር አንድ ባለ ሸራ መርከብ አሠርቶ ጎብኚ ሊያዞርበት ነው ሲባል፣ ባልና ሚስት በአንድ ልብ ተመኙ። ትዳራቸው በዚያ ሁሉ ዘመን በአንድ ጉዳይ ላይ እንደዚህ ተስማምቶ አያውቅም። የመርከቡ ነጂነት ለግራዝማች ካልሆነ ወይ ሱቁ ያልቃል ወይ ትዳሩ።

የወደቡ ኃላፊ ሪባን መቁረጥ የምትወድ ሴት ናት። ቢሮዋ ውስጥ መቀሷ በክብር ተሰቅሎ ይኖራል፤ አዲስ ወንበር ሲገባ እንኳ ሪባን ታስራለች ይባላል። ግራዝማችን አስጠርታ እንዲህ አለችው፦

«በዕድሜ አንተ ትቀድማለህና ዕድሉ መጀመሪያ የአንተ ነው። በመክፈቻው ቀን መርከቡን በራሱ ሸራ አምጥተህ፣ ማንም ሳይጎትትህ፣ አንዲት ጭረት ሳታሳርፍበት ከመርከብ ማቆሚያው ግንብ ጋር ካቆምከው ሥራው የአንተ ነው። ካቃተህ ግን ለጎታቹ እሰጠዋለሁ።»

ጎታቹ የጎታች ጀልባ ካፒቴን ነው። ሥራው የተበላሸና የቆመ መርከብ እየጎተተ ማስገባት ስለሆነ፣ የሰው መበላሸት ሲያይ ፊቱ ይበራል። ወሬ እንኳ አያወራም፤ ይጎትታል። አንዱን ጫፍ ጠዋት ይይዝና ሌላው ጫፍ ማታ ካፌው ይደርሳል።

መርከቡን የሚሠራው ደግሞ የግራዝማች ሚስት ታላቅ ወንድም ነው። ይህ አናጢ ልክ የሚባል ነገር አይገባውም። በርጩማ ስትለው ዙፋን ይሠራልሃል። የጎረቤቱን የዶሮ ቤት በር ሲሠራ እንዲህ አሳምሮት ነበርና፣ እስከ ዛሬ ድረስ አዲስ እንግዳ ሲመጣ የሚያንኳኳው የዶሮዎቹን በር ነው። ከእህቱ ባል ጋር ይዋደዳሉ፤ ግን ወንድና ወንድ ናቸውና እየተሰዳደቡ ነው የሚዋደዱት።

አንድ ቀን ይኸው አናጢ ሲባጎ ይዞ መጣና የግራዝማችን ግራ ክንድ ከትከሻው እስከ አውራ ጣቱ ይለካው ጀመር።

«ምንድነው አማቼ፣ ሳጥን ልትሠራልኝ ነው?»

«ዝም በል! ኮት ላሰፋልህ ነው።»

«ለአንድ እጅ ብቻ?»

«ሌላኛው እጅህ ምን ሠርቶ ነው የሚለብሰው?»

ሲባጎውን ጠቅልሎ ሄደ። ሥራው ካለቀ በኋላ ነው ግራዝማችን ዓይኑን በጨርቅ ሸፍኖ ወደ ባሕሩ ዳር፣ ወደ ሥራ ቦታው የወሰደው። ጨርቁን ሲፈታለት መርከቡ ቆሟል፤ ሆዱ ሰፊ፣ አፍንጫው ቀና ያለ፣ ምሰሶው ደመና የሚጎረጉር። በጎኑ ደግሞ መሪው ተንጠልጥሏል። በድሮ መርከብ ላይ መሪ ማለት ክብ መዘውር አይደለም፤ ከመርከቡ ጎን፣ ወደ ጅራቱ ጠጋ ብሎ ወደ ውሃው የሚወርድ ትልቅ መቅዘፊያ ነው። እጀታውን የጨበጠ መርከቡን ጨበጠ። ይህኛው መሪ የተሰቀለው በግራ ጎን ነበር። እጀታው ለግራ አውራ ጣት ማረፊያ ተቦርቡሮለታል፤ ከፍታው በሲባጎው ልክ ነው።

«ወደቡ የሰጠኝ የመርከብ ሥዕል ላይ በቀኝ ነው ያለው» አለ አናጢው አፍንጫውን ሽቅብ አንሥቶ። «ሥዕሉን የሣለው ሰውዬ ግን አንተን አያውቅህም። እኔ አማቴን ለሥዕል ብዬ አላጎሳቁልም።»

ግራዝማች እጀታውን በግራው ጨበጠው። ጣቶቹ ወደ ቤታቸው እንደሚገቡ ልጆች እየተጋፉ ገቡ። በዕድሜው ሙሉ ለዚህ እጁ ተብሎ የተሠራ ዕቃ አይቶ አያውቅም። አንድ ስድብ ሊመርጥ ሞከረ፤ አልመጣለትም። አፍንጫውን ጠረገ። አናጢውም ወደ ባሕሩ ዞሮ የሌለ አሞራ ይቆጥር ጀመር።

ሙከራው እንደ ሠርግ አለፈ። መርከቡን ከአሸዋው ዳር ወደ ውሃው ገፍተው ሰፊው ባሕር ላይ አወጡት። ግራዝማች ግራ እጁን እጀታው ላይ አሳርፎ ወዲያ ሲለው ወዲያ፣ ወዲህ ሲለው ወዲህ፤ መርከቡ ሐሳቡን ከመናገሩ በፊት ይሰማዋል። ሲጨርሱ እዚያው ባሕሩ መሃል መልሕቅ ጥለው በትንሽ ጀልባ ይመለሳሉ። ወደ ወደቡ ግንብ ማንም አልወሰደውም፤ ግንቡ በቀለምና በምንጣፍ ለመክፈቻው እየተዘጋጀ ነበራ።

ጎታቹ ግን ከሩቅ ሆኖ መሪው የተሰቀለበትን ጎን አየ። አየና ጀልባውን ዳር አቆመ። ደግሞ አየ። ከዚያ ካፌ ሄዶ ለማያውቃቸው ሰዎች ሁሉ ሻይ ጋበዘ። ሰውየው ሻይ ጋብዞ ስለማያውቅ ሰዉ የታመመ መሰለው።

«ግራዝማች፣ ወንድሜ» አለው ትከሻውን መታ መታ እያደረገ፣ «እንኳን ደስ አለህ። መሪህ ያምራል። ነገ ግንቡ ጋ እንገናኛለን።»

«ምን ያስቅሃል?»

«እኔ? ጥርሴ ነው፤ ተፈጥሮዬ ነው።»

በመክፈቻው ዋዜማ ከእራት በኋላ ሚስቱ የባሏን ሸሚዝ እየተኮሰች ሳለ አንድ ነገር ጠየቀችው። በወደቡ ያለ ሰው ሁሉ፣ ጀልባ ላይ ሲሆን፣ ቀኙን ‹የመሪ ጎን›፣ ግራውን ‹የወደብ ጎን› ነው የሚለው። ‹ገመዱን በወደብ ጎን ጣል!› ይላል፤ ‹በመሪ ጎን ሰው አለ!› ይላል።

«ቆይ እንጂ» አለች፣ «ማሻገሪያህ ላይ መሪው ያለው መሃል ነው። ታዲያ ቀኙ ምን ቤት ነው የመሪ ጎን የሚባለው?»

«ስም ነዋ። ስም ሲወጣለት እኔ አልነበርኩም።»

«ዝም ብሎ የወጣ ስም የለም። እኔ ሱቅ ውስጥ ጎድጓዳ ሳህን የሚባለው ጎድጓዳ ስለሆነ ነው።»

«አንቺ በመርከብ ነገር አትግቢ፤ እኔ በሳህን ነገር አልገባም።»

«አትገባም፤ ትሰብራለህ እንጂ!» አለችና ካውያውን ኮሌታው ላይ አሳረፈችው።

በማግስቱ ከተማው በሙሉ ግንቡ ላይ ተሰጣ። ግንቡ ሰው ከመብዛቱ የተነሳ ወደ ባሕሩ ዘመም ያለ ይመስል ነበር። ሙዚቀኞቹ ከበሮና መለከታቸውን ይዘው ተኮልኩለዋል፤ ቀይ ምንጣፉ ተዘርግቷል፤ ኃላፊዋ መቀሷን እንደ ጎራዴ ይዛ ፊት ለፊት ቆማለች። ሚስቱም አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሱቋን ቆልፋ፣ ከመርከብ ማሰሪያው ምሰሶ አጠገብ ቦታ ይዛለች።

መርከቡ ላይ ያሉት ግራዝማች፣ አናጢውና ከማሻገሪያዋ የመጡ ሁለት ገመድ ያዦች ናቸው። ነፋሱ ከባሕሩ ወደ ወደቡ ይነፍሳል፤ ሸራው እንደ ጠገበ ባለሥልጣን ሆዱን ነፍቶ ይነዳቸዋል። ግራዝማች እያፏጨ የወደቡን አፍ አየ። ከአፉ በስተግራ ግንቡ፣ በስተቀኝ ቋጥኝ። መሃሉ ጠባብ ነው። እንግዲህ ገብቶ ወደ ግራ ጠጋ፣ ግንቡን በግራ ጎኑ አቅፎ ቀጥ። በማሻገሪያዋ ሲያደርገው የኖረው ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ...

ፉጨቱ ከንፈሩ ላይ ደረቀ።

«አማቼ» አለ ቀስ ብሎ።

«አቤት፣ ጀግናዬ!»

«ግንቡ በየት በኩል ነው?»

«በግራ ነዋ! ደግሞ ይህን...»

«መሪዬስ በየት በኩል ነው?»

«በግራ! ለአንተ ብዬ እኮ...»

አናጢው ግንቡን አየ። መሪውን አየ። መልሶ ግንቡን አየ። ያ መሪ ከመርከቡ ጎን እንደ ተዘረጋ ክንድ ወጣ ብሎ ነው የተሰቀለው። መርከቡ ግንቡን በዚያ ጎን ከተጠጋ፣ መሪው በድንጋይና በእንጨት መሃል ገብቶ እንደ ጥርስ መፋቂያ ይሰበራል፤ መርከቡም ጎኑን ይላጫል።

«እግዚኦ!» አለ አናጢውና ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

በዚያች ቅጽበት ለግራዝማች የሚስቱ ጥያቄ መልስ ከነማብራሪያው ወለል አለለት። የድሮ መርከበኞች ከሰው ልጅ አብዛኛው በቀኝ እጁ የሚሠራ ስለሆነ መሪያቸውን በቀኝ ጎን ሰቀሉ፤ ጎኑም የመሪ ጎን ተባለ። መሪው እንዳይፈጭባቸው ደግሞ ወደብ ሲደርሱ የሚጠጉት ሁልጊዜ በወዲያኛው ጎን፣ በግራው ሆነ፤ ዕቃውም በዚያ ወጣ፣ ሰውም በዚያ ወረደ፤ ያም የወደብ ጎን ተባለ። ኋላ መሪው ወደ መሃል ቢሄድም ስሞቹ ቦታቸውን አልለቀቁም። ወደቦችም ለዚያ ልማድ ተገነቡ። ስንት መቶ ዓመት የተስማማበትን ነገር የእሱ አማች በአንድ ሲባጎ ገለበጠው።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁህ» አለ አናጢው፣ ድምፁ ተሰባብሮ። «ልክ ያልሆነ ነገር ስሠራ ኖሬ፣ አንድ ቀን ልክህን ብለካ...»

«ተነሣ! ከተቀመጥክ መርከቡ ያዘነብላል።»

ከኋላቸው ጥሩንባ ጮኸ። ጎታቹ ነው። ጀልባውን እያንደቀደቀ፣ ወፍራም ገመዱን በእጁ ጠቅልሎ፣ ፊቱ እንደ ጨረቃ በርቶ ተጠጋ።

«ግራዝማች! ልጎትትህ እንዴ? አትፈር! ሰው ለሰው ነው!»

«ጎትተኸኝ ከገባሁማ ሥራው ያንተ ነው!»

«ሥራ ምን ይሠራል፣ ዋናው ሕይወት ነው! ገመዱን ልወርውር?»

ግራዝማች ገመዱን አየ። ከገመዱ ጫፍ ሱቁ ታየው። መደርደሪያዎቹ ታዩት። ብርጭቆዎቹ ተሰልፈው በፍርሃት ሲንቀጠቀጡ ታዩት።

«ገመድህን ለራስህ ማሰሪያ ያዝ!» አለው። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ስሙኝ! ይህች ከተማ በአፍንጫችን እንድንገባ ነው የምትጠብቀው። ማሻገሪያዋ በጅራቷ ስትገባ ስንት ዘመን አብረን ኖርን? እናንተ ሁለታችሁ፣ ሸራውን አውርዱ። አማቼ፣ አንተ መልሕቁን ከአፍንጫው በኩል ጣልና ገመዱን በደንብ ያዝ፤ ልቀቅ ስልህ ትለቃለህ፣ ያዝ ስልህ ትይዛለህ። ሌላ ምንም ነገር እንዳትጨምርበት! እባክህን፣ ዛሬ ብቻ፣ በልኩ!»

ሸራው ወረደ። መልሕቁ ጥልቅ ብሎ ሰመጠ። ግራዝማች መሪውን ሙሉ በሙሉ ገፋው፤ መልሕቁ ከሥር ሲነክስ መርከቡ በአፍንጫው ተይዞ እንደ ታሰረ ፈረስ ቀስ እያለ ዞረ። አፍንጫው ወደ ባሕሩ፣ ጅራቱ ወደ ከተማው ሆነ። አሁን ግንቡ በቀኛቸው ነው። መሪው በባዶው ውሃ በኩል ነጻ ሆኗል።

ግንቡ ላይ ጉርምርምታ ተነሣ።

«ሊሄዱ ነው እንዴ?»

«ተቆጥተው ነው። ምንጣፉ አጥሮባቸው ይሆናል።»

«ልቀቅ!» አለ ግራዝማች። አናጢው ገመዱን ለቀቀ፤ ነፋሱ አፍንጫቸውን እየገፋ መርከቡን ወደ ኋላ ያንሸራትተው ጀመር። «ያዝ!» ያዘ። «ትንሽ ልቀቅ!» ትንሽ ለቀቀ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ የተባለውን ትንሽ አደረገ። ወደ ኋላ ሲሄዱ መሪው በተቃራኒው ነው የሚታዘዘው፤ ቀኝ ስትለው ግራ፣ ግራ ስትለው ቀኝ። ይህ ለሌላ ሰው እብደት ነው። ግራዝማች ግን ሲወለድ ጀምሮ ነገሩ ሁሉ በተቃራኒ ሲቀርብለት የኖረ ሰው ነው፤ ቤቱ የገባ ያህል ተሰማው። አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ግራ እጁን እጀታው ላይ አሳርፎ፣ በቋጥኙና በግንቡ መሃል መርከቡን በጅራቱ አሾልኮ አስገባው።

ከተማው አፉን ያዘ። ይህን የመሰለ ነገር አይቶ አያውቅም። ያ ትልቅ መርከብ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ቀስ ብሎ፣ እየተሽኮረመመ ይገባል። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር። ለአፍንጫው አበባ ታስሮለት ሳለ፣ ለጅራቱ ማንም አላሰበበትም፤ እዚያ የተሰጣው የአናጢው የሥራ ሱሪ ነበር። መቀመጫው ላይ ትልቅ ዕራፊ ያለበት ሱሪ። የክብር እንግዶቹ ፊት ቀድሞ የደረሰውና ነፋሱ እያወዛወዘ ሰላምታ ያቀረበው እሱ ነው። ሙዚቀኞቹ ለማን እንደሚነፉ ግራ ገብቷቸው ለሱሪው ነፉ።

ገመድ ያዡ ገመዱን ወረወረ። ከሁሉ በፊት የደረሰችው የግራዝማች ሚስት ናት። አዲሱን ቀሚሷን ሳትሰስት ገመዱን ደረቷ ላይ ተቀብላ ማሰሪያው ምሰሶ ላይ ጠመጠመችው።

«በየት በኩል ነው የገባኸው አንተ?» ብላ ጮኸች።

«በመጣሁበት! መልሱን አገኘሁት፣ ኋላ እነግርሻለሁ!»

መርከቡ ቀኝ ጎኑን ወደ ግንቡ አስጠግቶ፣ በመሃላቸው የጣት ስፋት ያህል ውሃ ትቶ፣ ቆመ። እንደ ጥጥ። ሕዝቡ አገር ይያዝልን አለ። አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን እየጠረጉ «የድሮ መርከብ እንዲህ ነበር፤ ለባሕሩ ጀርባውን አይሰጥም! አክብሮት ነው!» አሉ። አጠገባቸው የቆሙትም «አያቴ ይነግሩኝ ነበር» አሉ። እስከ ምሽት ድረስ አያቱ ያልነገሩት ሰው ጠፋ።

ጎታቹ ግን በጥድፊያ ጀልባውን አስሮ፣ ሰዉን በክርኑ እየጠራረገ ኃላፊዋ ፊት ደረሰ።

«ይህ አይቆጠርም! ወደ ኋላ መግባት መግባት አይደለም!»

«አንተስ?» አለችው የግራዝማች ሚስት። «ትናንት ሚስትህ በመጥረጊያ ስታባርርህ ከቤት የወጣኸው ወደ ኋላ አልነበረም? አልወጣህም ልትለን ነው?»

ሳቁ ከበሮውን ዋጠው። ኃላፊዋም እንዳትስቅ ከንፈሯን ነክሳ «ያልኩት በራሱ ሸራ ይምጣ፣ አይጎተት፣ አይጫር ነው። በየትኛው ጫፍ አላልኩም» አለች። «አሁን ሪባኑን ልቁረጥና ጎኑን እንመለከታለን።»

ሪባኑ የተዘጋጀው ለአፍንጫው ነበርና በችኮላ ጅራቱ ላይ፣ ከሱሪው ጎን ታሰረ። ኃላፊዋ ተንጠራራች። ማዕበል ብጤ መጣና መርከቡ ቀለስ ቀና አለ። መቀሱ ሪባኑን ቆረጠ፤ ቆርጦም አልቆመም፤ ጫፉ በመርከቡ ጎን ላይ ቂ...ር ብሎ በአዲሱ ቀለም ላይ አንድ ረጅም ነጭ መስመር አሰመረ።

ከተማ ሙሉ ሰው አይቷል። ከተማ ሙሉ ሰው ደግሞ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመረ።

«ይኸው ጭረት!» አለ ጎታቹ፤ ጭረቱን እንጂ የጫረውን ስላላየ፣ ጣቱን ቀስሮ። «አላልኩም? ይኸው! ማነው የጫረው? ይጠየቅ!»

ኃላፊዋ መቀሱን አየች። መስመሩን አየች። ጉንጯ ከምንጣፉ ጋር አንድ ዓይነት ሆነ። ግራዝማች ከላይ፣ መሪው አጠገብ ቆሞ ያዳምጣል። አንድ ቃል ይበቃው ነበር። ሆኖም ሴትየዋን በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ማሳፈር አልሆነለትም።

አፉን መያዝ ያልቻለው አናጢው ነው።

«እኔ ነኝ!» ብሎ ተነሣ። «እኔ ነኝ ያሰመርኩት፤ የውሃ ልክ ምልክት ነው። ጌጥም ነው። ሥዕሉ ላይ አለ!»

«ውሃው እኮ ከሥሩ ነው ያለው!» አለ ጎታቹ።

«ይጨምራል! ክረምት ሲመጣ ይጨምራል!»

ኃላፊዋ ረጅም ትንፋሽ ወሰደች። ከዚያ መቀሷን ለረዳቷ ሰጠችና ጮክ ብላ ተናገረች።

«ጌጥም አይደለም፣ ምልክትም አይደለም። የጫርኩት እኔ ነኝ። መርከቡ እኔ እጅ እስኪገባ ድረስ ጭረት አልነበረበትም። ሥራው የግራዝማች ነው።» ዝቅ ብላም ለአናጢው «አንተ ግን ሱሪህን አንሣ» አለችው።

ግራዝማች ከመርከቡ ሲወርድ ሚስቱ እጁን ያዘችው፤ ግራውን። ካፌው እስኪመሽ ሲጮህ ዋለ። ጎታቹም መጥቶ ዳር ተቀመጠ። ግራዝማች ሻይ አዘዘለትና አጠገቡ፣ በግራው በኩል አስቀመጠው፤ ይህን እርቅ ነው የሚሉም አሉ፣ በቀል ነው የሚሉም አሉ።

በማግስቱ አናጢው መጋዙን ይዞ መርከቡ ላይ ወጣ።

«ምን ልትሠራ ነው?» አለው ግራዝማች።

«መሪውን ወደ ቀኝ ላዙር። ዕድሜ ልክህን ወደ ኋላ ስትገባ ልትኖር ነው እንዴ!»

«ብትነካው እጅህን እቆርጠዋለሁ።»

«ገመድ ያዦቹ ግራ ይገባቸዋል፤ የመሪ ጎን ሲባሉ ወደ ቀኝ ነው የሚሮጡት!»

«ይለምዳሉ። መሪው ያለበት ጎን ነው የመሪ ጎን። እዚህ መርከብ ላይ ግራው ነው። በቃ።»

እውነትም ገመድ ያዦቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እርስ በርሳቸው ግንባር ለግንባር እየተጋጩ ሁለቱም ግንባራቸው አብጦ ሰነበተ። ኋላ ግን ለመዱት። መርከቡም በየቀኑ ጎብኚ ይጭናል፣ ባሕሩን ይዞራል፣ መልሕቁን ጥሎ በጅራቱ ይገባል። ጎብኚው «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ ግራዝማች እውነቱን ይነግረዋል፤ ድሮ መሪ በቀኝ እንደነበረ፣ ለዚያ ብለው በግራ ወደብ ይጠጉ እንደነበር፣ ስሞቹ ከዚያ እንደመጡ፣ የእሱ ግን አማቹ ስለሚወደው በግራ እንደተሰቀለ። ማንም አያምነውም። ስለ አክብሮቱ ያለው ወሬ ይበልጥ ያምራላ።

አንድ ጠዋት ግን ከጎብኚዎቹ መሃል አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት ከሌሎቹ ተነጥላ መጣች። መሪውን አየችው፣ እጀታውን አየችው፣ ለአውራ ጣት የተቦረቦረውን ቦታ በጣቷ ዳሰሰችው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ... አንዴ ልያዘው?»

«ያዢው፣ ልጄ። ግን ይከብዳል።»

ቀኝ እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተችና በግራዋ ጨበጠችው። ትከሻዋ ወረድ አለ፣ ጠባብ ጫማ እንዳወለቀ ሰው። ግራዝማች አንዴ አያትና ወደ ጎን ጠጋ ብሎ ገመድ ጥቅል ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ «አሁን ስጪኝ» ሊላት አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። መርከቡ ቀጥ ብሎ እየሄደ ነው፤ ባሕሩም ሰፊ ነው።